ሙሽራው የጠፋበት ፎቶ

ከአጎቴ የወረስኩት ካሜራ ፔንታክስ ኬ1000 ነው። ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ባትሪው ቢያልቅም ማንሳቱን አያቆምም። ፍላሹ ደግሞ አራት ባትሪ ድንጋይ የሚበላ አሮጌ አውቶማቲክ ነው። «አውቶማቲክ» የምትለዋን ቃል አምኜ የአክስቴን ልጅ መልስ ላነሳ ሄድኩ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ከ36ቱ ዘጠኙ ግማሽ ሆነው ወጡ። በአንዱ ላይ ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ ትታያለች። ቢላውን አብሯት የያዘ እጅም አለ። የእጁ ባለቤት ግን ጥቁር ውጦታል። አክስቴ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና «ልጁንስ የት አደረስከው?» አለችኝ።

ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውን መዝጊያ፣ 1/125 ሰከንድ ላይ ረስቼው ኖሯል። የዚህ ካሜራ ሹተር ሁለት የጨርቅ መጋረጃ ነው። ፊልሙ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው እስከ 1/60 ድረስ ነው። ከዚያ ከፈጠነ አንደኛው መጋረጃ ከፍቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው መዝጋት ይጀምራል። ፍላሽ ደግሞ ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋው፤ ያኔ የተሸፈነው ግማሽ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

አውቶማቲኩ ያለው ፍላሹ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ያለች ትንሽ ዓይን ከሰው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ትለካለች፤ ሲበቃት ብልጭታውን ትቆርጠዋለች። ካሜራው ይህን ሁሉ አያውቅም። ከ«አሁን አብራ» በቀር የሚነጋገሩት ነገር የለም፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ። ፍላሹ ላይ የፊልሙን የብርሃን ስሜት ቁጥር፣ 400፣ እሞላለሁ፤ ፍላሹ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) በል ካለኝ ሌንሱንም በእጄ 8 ላይ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ነጠላ ነው። ያቺ ዓይን ነጭ ልብስ ስታይ ቶሎ ትጠግባለች። ጥለቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የእናቶች ፊት ግን ይጠቁራል። አሁን ሀበሻ ልብስ በበዛበት ፍላሹን እዚያው 8 ላይ ትቼ ሌንሱን ወደ 5.6 እከፍታለሁ። የቀለም ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ነው የሚያኮርፈው።

ሳሎን ውስጥ ከሆንኩ የፍላሹን ራስ ወደ ጣሪያ አዞራለሁ፤ ዓይኗ ግን ወደ ሰው እንዳየች ትቀራለች። ነጭ ኮርኒስ ካለ ብርሃኑ ለስለስ ይላል። በዚሁ ተደፋፍሬ አንድ ክርስትና ላይ ዳስ ውስጥ ሞከርኩት። ሸራው ሰማያዊ ነበር። እንግዳው ሁሉ ብርድ የመታው መስሎ ወጣ።