ከመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ

አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ነው። ሆስተሷ “ስልካችሁን አጥፉ” እያለች አለፈች። በመስኮቱ በኩል ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ የምታነበውን አንብባ ስልኳን አጠፋች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጮኻ አለቀሰች።

ጮኻ ነው የምላችሁ። ከፊት ያሉት ዞር አሉና ወዲያው ተመለሱ። ከመተላለፊያው ማዶ ያለው ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን ሰካ። እኔ ደግሞ ከፊቴ ካለው ወንበር ኪስ የአደጋ ጊዜ መመሪያውን አውጥቼ የበሮቹን ሥዕል ሦስቴ አየሁት። ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ።

ይህን ሕግ ማንም አላስተማረንም። ሊፍት ውስጥ ፊታችንን ወደ በሩ እናዞራለን። ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ሄደን የማናውቀው ሰው አጠገብ አንለጠፍም። የሚያለቅስ ሰው ላይ አናፈጥም። ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለዚህ ጽፏል። የማይተዋወቁ ሰዎች መጀመሪያ ለአፍታ ይተያያሉ፤ መኖርህን አይቻለሁ እንደማለት ነው። ቀጥሎ ዓይናቸውን ከሌላው ላይ ያነሳሉ፤ አላስጨንቅህም እንደማለት። ጨዋነት የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እኛ ያደረግነው ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

ደግሞ አንዳችን የሌላችንን ፊት እያየን ነው ዝም ያልነው። ላታኔና ዳርሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል ጭስ ለቀቁ። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። ዝም ብለው ከሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ጋር ከሆኑት ግን 10 በመቶው ብቻ። ጭስ እያፈናቸው!

መመሪያውን መለስኩት። ዞር አልኩና አየኋት። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ሳግ ትንፋሽ አሳጥቷታል። “አይዞሽ” አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ በዚያ ሰዓት ማስረዳት ሌላ ሸክም ነው። ሶፍቴን አውጥቼ በመሃላችን ባለው የክንድ ማሳረፊያ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ዓይኔን አነሳሁላት።

ለቅሶው ቶሎ አልቆመም። ድምፁ ግን እየቀነሰ ሄደ። አንድ በአንድ ሶፍት ስትመዝ ይሰማኛል።

ስንደርስ ቦርሳዋን ከላይ ያወረደላት ያ የጆሮ ማዳመጫ የሰካው ሰውዬ ነው። ምንም አላላትም። ቀና ብላ ስታየው ግን ዓይኑን አላሸሸም።