ትምህርት ቤቱ የማይታይበት የባሌት ትምህርት ቤት ማስታወቂያ

የባሌት ማሠልጠኛዎች ለማስታወቂያ የሚመርጡት ምስል በየአገሩ እጅግ ተመሳሳይ ነው። አንዲት ቀጭን ወጣት በአንድ እግሯ ጣቶች ጫፍ ላይ ቆማ፣ ሌላውን እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ አንገቷን መዘዝ አድርጋ ትታያለች፤ ከኋላዋ ያለው ቦታ ነጭ ወይም ጥቁር ባዶ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በግራፊክስና በፎቶግራፍ ሥራ የምተዳደር እንደመሆኔ፣ ለልጆች የዳንስ ሥልጠና ባነርና በራሪ ወረቀት እንዳዘጋጅላቸው የሚጠይቁኝ ደንበኞች አሉ፤ አብዛኞቹም ይህንኑ ዓይነት ምስል ከኢንተርኔት አውርደው በቴሌግራም ይልኩልኛል። በዚህ ምስል ውስጥ ዳንሰኛ እንጂ ትምህርት ቤት የለም። አስተማሪ አይታይም፣ ሌላ ተማሪ አይታይም፣ ልጅቷ የቆመችበት ወለል እንኳ በኮምፒውተር ተቆርጦ ወጥቷል።

የሚታየው አቋም የመጨረሻው ፍሬ ነው። በሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1738 የተመሠረተውና ዛሬ በታላቋ መምህርት በአግሪፒና ቫጋኖቫ ስም የሚጠራው አካዳሚ ልጆችን የሚቀበለው በ10 ዓመት ዕድሜ ገደማ ሲሆን፣ ሥልጠናው 8 ዓመት ይፈጃል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ያደገችን ዳንሰኛ ምስል ወስዶ፣ የሁለት ወር የክረምት ሥልጠና በሚሰጥ አዳራሽ በር ላይ መስቀል የሌላ ሰው ድካም ያፈራውን ለራስ ማድረግ ነው። የፎቶግራፍ አንሺው የባለቤትነት መብት ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

አንዲት እናት ፒያሳ አካባቢ የተሰቀለ ባነር እያሳዩ፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ክረምቱ ሲያልቅ እንደዚህ ትቆማለች ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ልጃቸው ገና አንደኛ ክፍል አልገባችም። ጥያቄያቸው ፍጹም ትክክል ነው፤ ምስሉ የነገራቸው ይህንኑ ነውና። እውነታው ግን በጣት ጫፍ መቆም የባሌት መግቢያ አለመሆኑ ነው። በጣት ጫፍ የሚቆምበት የፖይንት ጫማ ጫፉ በሙጫ ከደረቀ የጨርቅና የወረቀት ንብርብር የሚሠራ ሲሆን፣ የለባሿን ክብደት በሙሉ እጅግ ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ ያሳርፋል። የልጅ የእግር አጥንት በእድገት ላይ ያለ በመሆኑና ቁርጭምጭሚቷ፣ ዳሌዋና የሆድ ጡንቻዋ ይህን ጫና ለመሸከም ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ጠንቃቃ መምህራንና የዳንስ ሕክምና ባለሙያዎች ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ያውም ለዓመታት ያልተቋረጠ ልምምድ ሳይደረግ፣ ይህ ጫማ እንዳይደረግ ይመክራሉ። ዕድሜው ቢደርስ እንኳ ጥንካሬው ካልደረሰ አይፈቀድም። ስለዚህ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች ምዝገባ በሚጠራ ባነር ላይ የፖይንት ጫማ ማሳየት የልጁንም የወላጁንም ምኞት ወደ አደገኛው አቅጣጫ ይመራል። ትዕግሥት ያጣ ወላጅ በምኞቱ ገፍቶ ጫማውን ከውጭ የሚያስመጣው እንዲህ ያለ ምስል አይቶ ነው።

ይህ ጉዳይ በውጭም አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍሪ ፒፕል የተባለው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት ለዳንስ ልብሶቹ ባሠራው ቪዲዮ ላይ የቀረበችው ሴት በፖይንት ጫማ ላይ በትክክል መቆም አለመቻሏን ያዩ ዳንሰኞች ተቃውሟቸውን በስፋት አሰምተው ነበር። ማስታወቂያውን ያዘጋጁት ሰዎች ጫማውንና አቋሙን እንደ ጌጥ ሲመለከቱት፣ ዳንሰኞቹ ግን የታጠፈውን ቁርጭምጭሚት አይተው ደነገጡ።

የባሌት ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ በሐቅ ያሳየው፣ በእኔ እምነት፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በሣላቸው የመለማመጃ ክፍል ሥዕሎቹ በአንዱ ውስጥ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው አሠልጣኝ ዡል ፔሮ በምርኩዙ ተደግፎ ቆሟል፤ ተማሪዎቹ በየግድግዳው ሥር ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዷ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ታክካለች። ሰፊው የእንጨት ወለል ከሥዕሉ ብዙውን ቦታ ይዟል። መጠበቅ፣ መድከም፣ መታረም፣ አንዱን እንቅስቃሴ እስኪሰለች መደጋገም፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሥዕሉም ይህን ሁሉ ይዞ ውብ ነው። ማስታወቂያ ይህን ለማሳየት የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው የሚያሳስበኝ የቆዳ ቀለም ነው። የሐዋሳ ልጅ በባነሩ ላይ የምታየው ሁልጊዜ ነጭ ልጅ፣ ሁልጊዜም ሮዝ ጫማ ነው። የጫማውና የእግር ሹራቡ ሮዝነት የአውሮፓውያንን የቆዳ ቀለም ተከትሎ የመጣ ሲሆን ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ እግር ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ያልተቋረጠ መስመር ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። ያው ሮዝ ጫማ በጠይም እግር ላይ ሲሆን ግን መስመሩን ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆርጠዋል፤ ካሜራ ደግሞ ይህን ከዓይን የበለጠ አጉልቶ ያሳየዋል። ጥቁር አሜሪካዊው ዳንሰኛ አርተር ሚቸል ከካሬል ሹክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ዮርክ የመሠረተው የሃርለም የዳንስ ቲያትር፣ ዳንሰኞቹ ከየራሳቸው የቆዳ ቀለም ጋር የሚስማማ ጫማና የእግር ሹራብ እንዲለብሱ ያደረገው ይህን ተረድቶ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጥቁር ዳንሰኞች ለረጅም ዓመታት ጫማቸውን በፊት ሜካፕ ሲቀቡ ኖረዋል፤ ፍሪድ የተባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ባሌት ብላክ ከተባለው የእንግሊዝ የጥቁርና የእስያ ዝርያ ዳንሰኞች ቡድን ጋር ተባብሮ ቡናማ የፖይንት ጫማ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በውጭ ያሉ ጥቁር ዳንሰኞች እንዲህ የታገሉበትን ነገር እኛ በራሳችን ከተማ፣ በራሳችን ልጆች ፊት ያለ ምንም ጥያቄ መስቀላችን ያሳዝነኛል።

ወንዶች ልጆችም ከምስሉ ጠፍተዋል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚውን ሲመሠርት ራሱ ዳንሰኛ ነበር፤ በፓሪስ ኦፔራ መድረክም ሙያተኛ ሴት ዳንሰኞች የታዩት ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1681 ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ወንዶች ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ጭፈራ ሲጨፍሩ እያየ ያደገ የሐዋሳ ልጅ ዳንስ የሴት ብቻ ነው ብሎ አያስብም፤ የባሌቱ ባነር ግን ያንን ያስተምረዋል።

ወደ ወለሉ ልመለስ፤ ነገሩን ለሚያውቅ ወላጅ ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው እሱ ነውና። ለባሌት የሚሆን ወለል ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ ዝላይን ተቀብሎ በመጠኑ የሚለጠጥ የእንጨት ወለል ነው፤ በሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ሴራሚክ ደጋግሞ መዝለል የልጅን ጉልበትና ቅልጥም ይጎዳል። እዚህ ከተማ ለሥልጠና የሚከራዩት አዳራሾች አብዛኞቹ ሴራሚክ ናቸው። እንጨት ያነጠፈ ማሠልጠኛ ካለ፣ ከማንኛዋም የተዋሰ ዳንሰኛ ይልቅ ወለሉን በትልቁ ቢያሳይ ይኮራበታል።

በቅርቡ ለአንድ ማሠልጠኛ የሠራሁት ባነር ላይ አስተማሪዋ ተንበርክካ የአንድን ልጅ ተረከዝ በእጇ ስታስተካክል፣ ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን የእንጨት መደገፊያ ይዘው ተራ ሲጠብቁ ይታያል። ፎቶውን ያነሣሁት በተለመደው የልምምድ ሰዓት፣ የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ከተቀበልኩ በኋላ ነው፤ ጠባብ ልብስ የለበሱ ሕፃናት ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ መንገድ ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ መውጣት እንደሌለበት በጽኑ አምናለሁ። የማሠልጠኛው ባለቤት «ይኼን አይቶ ባሌት መሆኑን ማን ያውቃል?» ብለው ሠግተው ነበር። እኔም «ጋሼ፣ በጽሑፍ እንነግራቸዋለን» አልኳቸው። ከምስሉ ጎን አስተማሪዋ የት እንደሠለጠነች፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚማሩ፣ የፖይንት ጫማም ከ12 ዓመት በፊት እንደማይፈቀድ ጻፍን።