ክዳኑ 1500 ቢልም

የቮልስ የኋላ ክዳን አራት ቡሎን ሲፈታ ይወልቃል። ከሌላ ቮልስ የመጣ ክዳን እዚያው ቦታ ይገጠማል፣ የተለጠፈበት ጽሑፍም አብሮት ይመጣል። ደሴ ላይ ስለ ሞተሯ መጠን በሲሲ «1500 ናት»፣ «የለም 1300 ናት፣ ወላሂ ተጽፎባታል!» እየተባለ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው ክርክር መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መኪና ስንት ላሜራ ሠሪና ስንት ቀለም ቀቢ እጅ ገብቶ እንደወጣ ማን ያውቃል? ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ሻንሲው ላይ ለተመታው ቁጥር ነው። ከዚያ ሞተሩ፣ ከዚያ አካሉ ይታያል። ጽሑፉ ከሁሉም መጨረሻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ባትሪውም እዚያው በቀኝ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይፈታ። የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ ደግሞ ሳይተካ ወንበሩ አይመለስ፤ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሞላ ተርሚናሉን ነክቶ እሳት ያስነሳል። ቁጥሩ ዝጎ ከሆነ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ ስስ ወረቀት ተደርጎበት በእርሳስ ይፈተግ። ለዓይን የደበዘዘው አሃዝ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ግራይንደር ማስጠጋት ግን የመኪናዋን ልደት ካርድ መቅደድ ነው።

ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ያለው ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓይነቱን ይናገራሉ፦ 11 ተራዋ ቮልስ፣ 14 ስፖርት መሰሏ ካርማን ጊያ፣ 15 ጣሪያዋ የሚታጠፈው ካብሪዮሌት። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴል ዓመቱ ነው፤ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ አሃዙ አሥር ሆነ፣ አራተኛው ቦታ ላይ 2 ገባ። ከ1965 በፊት ያለው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ የሚያወዛግብ ነገር አለ፦ የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚለወጠው ኦገስት ላይ፣ በእኛ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ኖቬምበር 1966 ከፋብሪካ የወጣች ቮልስ ቁጥሯ 117 ብሎ ይጀምራል። ስለዚህች አንዲት መኪና አንዱ 1966፣ ሌላው 1967፣ ሦስተኛው በእኛ አቆጣጠር 1959 ብሎ ቢሟገት ሦስቱም ልክ ናቸው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ቁጥሩ ዲናሞው የሚቀመጥበት እግር ሥር ካርተሩ (የሞተሩ ዋና ቀፎ) ላይ ነው፣ በፊደል ይጀምራል። ዲ 1200 ነው፣ ኤፍ 1300፣ ኤች 1500። ይህ ግን የካርተሩን ትውልድ እንጂ የሲሊንደሩን ስፋት አይመሰክርም። የ1500 ሲሊንደር ውስጠ ስፋቱ 83 ሚሊ፣ የ1600 ደግሞ 85.5 ሚሊ ነው፤ የፒስተኑ ምት (የሚመላለስበት ርቀት) በሁለቱም 69 ሚሊ ነው። የ1600 ሲሊንደርና ፒስተን የ1500 ካርተር ላይ ቶርኖ ሳያስፈልገው ይገባል፣ 1493 የነበረው ሲሲ 1584 ይሆናል፣ ፊደሉ ግን ኤች እንዳለ ይቀራል። ቴስታው (የሲሊንደሩ ራስ) በወረደ ቀን በካሊፐር መለካት ነው፦ ስፋቱን በራሱ ማባዛት፣ በ0.7854፣ በምቱ፣ ከዚያ በአራት። ሚሊው ወደ ሴንቲ ሜትር ከተለወጠ መልሱ ቀጥታ በሲሲ ይወጣል። ቴስታው ሳይወርድ የሚታይም ምልክት አለ። ከካርቡራተሩ የሚወርደው ቧንቧ ቴስታው ጋ ሲደርስ በየጎኑ በሁለት እግር ከተከፈለ፣ ቴስታው ከኦገስት 1970 ወዲህ የመጣው ዓይነት ነው። አንድ እግር ብቻ ከሆነ የቀድሞው ነው።

«ዳገት ላይ ስለማትስብ 1200 ናት» የሚል ፍርድ ግን ወሎ ውስጥ አይሠራም። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ጠረፍ 44 የፈረስ ጉልበት ያለው 1500 ደሴ ሲደርስ 33 ገደማ ይቀረዋል፤ የ1200 ደግሞ እዚያው ባሕር ጠረፍ 34 ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ጂግለር ለቆላ የተመረጠ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱ ከዚህም ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ የተሞከረችን መኪና ደሴ ላይ ከቆመች ጋር ማወዳደር ደግሞ ጭራሽ ፍርደ ገምድልነት ነው።

1302 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው 1302 ሲሲ ነው ብሎ ይምላል። አይደለም፤ የፈረንሳዩ መኪና ሠሪ ሲምካ 1301 የሚለውን ስም ቀድሞ ስለያዘ ቮልስዋገን አንድ ቁጥር አልፎ ሄደ። 1303ም ስም ብቻ ነው፣ የሚለየው በተጠማዘዘው የፊት መስታወቱ ነው።

ኮሮላ ላይ ያለው «ዲኤክስ» ደግሞ ኪስ የሚጎዳ ስም ነው። ዲኤክስ የቅንጦት ደረጃ እንጂ ሞዴል አይደለም፣ በተከታታይ ትውልዶች ላይ ተለጥፏል። ኬኢ70 የሚባለው ትውልድ በኋላ ጎማ የሚነዳ ነው፤ ኤኢ80 ሴዳኑ በፊት ጎማ። «የዲኤክስ ፍሪሲዮን» ብሎ መላክ ያልሆነ ዕቃ ማስመጣት ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችው ሳህን ትነበብ፦ የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩ ቤተሰብ፣ ተከታዩ ኢ ኮሮላ፣ ቁጥሩ ትውልዱ ነው።

በውድ ስፖርት መኪኖች ዘንድም ጠቡ ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ ይለያል። ፖርሽ 911 በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ 901 ነበር። ፔጆ፣ እነ 404ን የምናውቅበት፣ መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለተቃወመ 911 ተባለ። የዕቃ ቁጥሮቹ ግን 901 እያሉ ቀጠሉ፤ እና ዕቃው ላይ 901 ስላለ ብቻ መኪናው 901 ነው የሚል ሻጭ ይመለስ። ፍርግርጉ ላይ «2.4» የሚለው 911 ደግሞ በልኬት 2341 ሲሲ ነው፤ ይህ የፋብሪካው የራሱ ማጋነን ስለሆነ ማንም አልቀየረውም። የ1973ቱ ካሬራ አርኤስ 2.7 የጎን ጽሑፉ የሚለጠፍ፣ የኋላ ክንፉም የሚገጠም ነው፣ ማንኛውም 911 ሊለብሰው ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ 911 360 ብሎ ካልጀመረ ወሬው እዚያው ያበቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ሐሰት የሚመስለው እውነት ይሆናል። 914 የሚባለው መኪና አውሮፓ ውስጥ «ቮልስዋገን ፖርሽ» ተብሎ፣ አሜሪካ ውስጥ «ፖርሽ» ብቻ ተብሎ ተሸጧል። የባለ አራት ሲሊንደሩ ሻንሲ ቁጥር 47፣ የባለ ስድስቱ 914 ብሎ ይጀምራል። ፌራሪ የሠራው ዲኖ 246 ከፋብሪካ ሲወጣ የፌራሪ ፈረስ ዓርማ አልነበረበትም፤ ዛሬ ፈረስ ያለበት ዲኖ 246 ካለ ኋላ የተለጠፈ ነው። 246 ማለት 2.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ነው። እዚያው ቤት የተሠራው ፌራሪ 250 ላይ ግን ቁጥሩ የአንዱን ሲሊንደር ሲሲ ነው የሚናገረው፤ በ12 ሲባዛ 3 ሊትር ይሆናል። አንድ ፋብሪካ በሁለት ሕግ እየሰየመ እኛ ብንጣላ ምን ይገርማል?

ጽሑፉን ራሱን ለመመርመር ክዳኑ ከውስጥ በኩል በባትሪ መብራት ይታይ። የፋብሪካ ቀዳዳ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ቀለም ውስጡ ገብቷል። ኋላ በድሪል የተበሳው ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ዝገት ይከበዋል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጽሑፉ ዙሪያ ይሂድ፤ በድንገት ከላላ ሥሩ ስቱኮ የተሞላ የድሮ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፣ የቀዳዳዎቹ ርቀት ደግሞ የመጀመሪያውን ስም ያወጣል።

ሽያጭ ሲሆን ውሉ ላይ «ቮልስ 1500» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ ከነፊደሉ፣ ክዳኑ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ እየተለየ ይስፈር። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ካልገጠመ ለውጡ እስኪመዘገብ ቀብድ አይከፈል። የሻንሲው ካልገጠመ ግን ዋጋው ምንም ቢያጓጓ ይተው።