የጥበቃው ስልክና የኔንቴንዶ ታሪክ

ለልጆች የመንገድ ደህንነት የሚያስተምር የሞባይል ጌም ሠርተን ልናስረክብ ጫፍ ላይ ደርሰን ነበር። ሥራውን የሰጠን ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚሠራ አንድ ድርጅት ነው። ጌሙ ላይ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አንግታ ከቤቷ ትወጣለች። ዜብራ ትፈልጋለች፣ ግራና ቀኝ ታያለች፣ ሚኒባስ ሲመጣ ትቆማለች፣ ከዚያ ትሻገራለች። ሁሉም ነገር በስሪ ዲ ነው የተሠራው። ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። የመኪናው መብራት መንገድ ላይ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግራፊክስ የሚሠሩት ልጆች ለዚያች ኩሬ ብለው ስንት ሌሊት አምሽተዋል። እውነትም እጅ በአፍ ታስጭን ነበር።

ቢሯችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ትንሽ ድርጅት ነን፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምትጠግንልን አንዲት ልጅ አለች። ኢንተርኔት ሲቋረጥም፣ ፕሪንተር አልታዘዝ ሲልም የሚጠራው የእሷ ስም ነው። የሥራ ስብሰባ ላይ ግን እምብዛም አትጠራም። ጌሙን በሕንፃው ጥበቃ ስልክ ልሞክረው ያለችው እሷ ናት። ጋሼ ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው። ማታ ማታ የምትጫወተው በአባቷ ስልክ ነው።

ስልኩ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። የጀርባ ክዳኑ እንዳይወልቅ በላስቲክ ታስሯል። ጌሙን ለመጫን ሲሞከር ቦታ የለም አለ፤ ፎቶ ይጥፋ ብሎ ጠየቀ። "የልጄን ፎቶማ አላጠፋም!" አሉ ጋሼ። ተመካክረው የቆዩ ቪዲዮዎች አጠፉና እንደምንም ተጫነ። ተከፈተ። ልጅቷ ከግቢዋ ወጣች። ዜብራው ጫፍ ደረሰች። አንድ እግሯን አነሳች፤ እዚያው ቀረች። ስልኩ ስታክ አደረገ፣ ጋለ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ።

"ስልኬን ገደላችሁት እንዴ?" አሉ ጋሼ ደንግጠው።

ስልኩ ቆይቶ ተነሣ። ለእኛ ግን ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ጌሙ የታሰበላቸው ልጆች ቤት ያለው ስልክ፣ እኛ ስንሞክርበት ከከረምነው ከአለቃችን ስልክ ይልቅ የጋሼን ስልክ ነው የሚመስለው።

በነጋታው ተሰበሰብን። ዋናው ፕሮግራመራችን በሥራው የሚታማ ልጅ አይደለም። "ችግሩ ስልኩ ነው እንጂ ጌሙ ምንም አልሆነም። ደንበኛው ለትምህርት ቤቶቹ ታብሌት ይግዛላቸው" አለ። አለቃችንም ወደዚያው ያዘነበሉ መሰሉ። ያኔ ጠጋኛችን፣ "እኔ ብሆን ስሪ ዲውን ትቼ እንደ ድሮ ጌም በተራ ሥዕል እሠራው ነበር" አለች። ከመካከላችን አንዱ፣ "ይሄ እኮ የጥገና ጉዳይ አይደለም" አላት። ክፋት አስቦ አይመስለኝም። እሷ ግን አንገቷን ደፋች።

እኔ የጌም ኩባንያዎችን ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ፤ ከሁሉም የኔንቴንዶን። "የጥገና ጉዳይ አይደለም" የሚለውን ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የጃፓኑን ኔንቴንዶ ከመጫወቻ ካርታ አታሚነት አውጥተው ለዓለም ካበቁት ሰዎች አንዱ የተቀጠረው ጥገና ላይ ነበርና። አለቃችን "እስቲ ንገረን" አሉኝ። ነገርኳቸው።

ኔንቴንዶ የተመሠረተው በ1889 ነው፤ አጼ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ በጫኑበት ዓመት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፉሳጂሮ ያማውቺ የሚባል ሰው ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ሃናፉዳ የሚባለውን፣ አበባ የተሣለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ኩባንያው ለብዙ አሥርት ዓመታት በካርታ ኖረ። በ1949 ሂሮሺ ያማውቺ የሚባል የመሥራቹ ዘር፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ እያለ ኃላፊነቱን ተረከበ። ካርታ ብቻውን ሩቅ እንደማያስኬድ ገባው። ታክሲ ሞከረ። ፈጥኖ የሚደርስ ሩዝ ሞከረ። አንዱም ጠብ አላለለትም።

በ1965 ጉንፔ ዮኮይ የሚባል ወጣት ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ መጣና ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች እንዲንከባከብ ተቀጠረ። ማሽኖቹ ደህና ሲሆኑ ሥራ ይፈታል። በዚያ ትርፍ ሰዓቱ እየተዘረጋና እየታጠፈ ራቅ ያለ ዕቃ የሚያነሣ መጫወቻ ሠራ፤ ለራሱ ደስታ። ያማውቺ ፋብሪካውን ሲጎበኝ አየው። በሥራ ሰዓት ትጫወታለህ ብሎ ሊቆጣ ይችል ነበር። እሱ ግን ይህን ለገበያ አውጣልኝ አለው። በ1966 "አልትራ ሃንድ" ተብሎ ወጣና ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ጠጋኛችን ቀና አለች። አይቻታለሁ።

ዮኮይ ከዚያ በኋላ የሥራ ሕይወቱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ይዞ ነው የሄደው። አዲስ ከወጣው፣ ውድ ከሆነው፣ ጠባዩ ገና ካልታወቀው ቴክኖሎጂ ይልቅ፣ የቆየውን፣ ዋጋው የረከሰውን፣ የት እንደሚበላሽ ሁሉ የሚታወቀውን ወስዶ ማንም ባላሰበበት ቦታ ማዋል። በባቡር ሲሄድ አንድ መንገደኛ ሰልችቶት ካልኩሌተሩን ሲነካካ አየ። በዚያ ዘመን ሻርፕና ካሲዮ በካልኩሌተር ዋጋ ሲፎካከሩ የመሣሪያው ስክሪንና ቺፕ እጅግ ረክሶ ነበር። ከእሱ በ1980 ኪስ ውስጥ የሚገባ "ጌም ኤንድ ዎች" የተባለ መጫወቻ ወጣ።

ሰብሰብ ብለው የሰሙኝ ግን ጌም ቦይ የተባለው፣ በእጅ የሚያዘው የኔንቴንዶ መጫወቻ ላይ ስደርስ ነው። ጌም ቦይ በ1989 ሲወጣ ቀለም የሚባል አልነበረውም። ስክሪኑ አረንጓዴ ቢጤ፣ ከፈካ እስከ ጠቆረ አራት ደረጃ ብቻ ያለው፣ ከኋላ መብራት የሌለው። በዚያው ዓመት ተፎካካሪው ኩባንያ አታሪ ሊንክስ የተባለውን አወጣ፤ ባለ ቀለም ነው። በቀጣዩ ዓመት ሌላው ኩባንያ ሴጋ ጌም ጊር የተባለውን አስከተለ፤ እሱም ባለ ቀለም። ጎን ለጎን ቢቀመጡ የኔንቴንዶውን ማንም አይመርጥም። ነገር ግን እነዚያ 6 የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳሉ። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ዋጋው ያንሳል፣ ቢወድቅም ቻይ ነው። ልጅ ኪሱ ከቶት የሚሮጥ ዕቃ ነው እንግዲህ። ኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ተፎካካሪዎቹ አጠገቡም አልደረሱም።

"እሱ የ1989 ነገር ነው፤ ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረም" አለ ፕሮግራመራችን።

"አማራጭማ ነበር። ባለ ቀለሙ ገበያ ላይ ነበር" አለችው ጠጋኛችን። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ነው የቀደመችኝ።

እሱን ያሳሰበው ሌላም ነገር ነበር፤ ልክም ነበር። ያን ሁሉ ሥራ ጥሎ ከዜሮ መነሣት እንዴት ይታሰባል? ጊዜውስ? ለዚህም ኔንቴንዶ ቤት የሚነገር ታሪክ አለ። ሳቶሩ ኢዋታ ፕሮግራመር ነበር፤ በ2002 የኔንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከያማውቺ ቤተሰብ ውጭ የመጀመሪያው። ከዚያ በፊት፣ "ማዘር 2" የተባለ ጌም ለዓመታት ሲጓተት እንዲያግዝ ተጠራ። ያለውን እየጠጋገንን ከሄድን ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ከመነሻው እንደገና ከሠራነው ግን በግማሽ ዓመት ይደርሳል ብሎ ነው አማራጩን ያቀረበላቸው። እንደገና መሥራቱን መረጡ። ጌሙ በ1994 ለገበያ በቃ።

አለቃችን ብዙ አላወሩም። ፕሮግራመሩን፣ "አንተ ስንት ጊዜ ይበቃሃል?" አሉት። አሰበና፣ "ሥዕሉ ቀላል ከሆነ ቶሎ ይደርሳል" አለ። ደንበኛው ጋ ደውለው እውነቱን ነገሯቸው፣ ትንሽ ቀን አስጨመሩ። ተጀመረ።

የሚያሳዝነው የኩሬዋ ነገር ነው። የሠራት ልጅ ሆድ ባሰው፤ አይፈረድበትም። ለማጽናናት ብዬ ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ስለተባለው የኔንቴንዶ ጌም አነሣሁለት። የ1985ቱ ጌም መላው ካርትሪጁ፣ ማለትም ጌሙ ያለበት ካሴት፣ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ሰዎቹ ቦታ ለመቆጠብ ያደረጉትን ጌሙን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው። ደመናው ነጭ፣ ቁጥቋጦው አረንጓዴ፤ ቅርጹ ያው ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፈልጎ አየው። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሲያሳየን ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ታክሲያችን ነጭ ተቀብቶ፣ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ አናቱ ላይ መብራት ተጨምሮለት አምቡላንስ ሆኗል። አንድ ሥዕል፣ ሁለት መኪና። መብራቱን አንሥቶ ቢጫ ሲያደርገው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ወጣው። ኩሬዋንም ጨርሶ አልጣላትም። ሁለት ሰማያዊ ሰረዝ ሆና ቀረች፤ ልጅቷ ስትረግጣት ሦስት ጠብታ ይፈናጠራል። ለእኔ ከበፊቷ ይልቅ ይቺኛዋ ነፍስ አላት።

በአንድ ነገር ግን ተጨቃጨቅን። ጠጋኛችን ድምፁም ይቀነስ፣ ቦታ ይበላል አለች። እዚህ ላይ እኔ ከፕሮግራመሩ ጋር ቆምኩ። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብቻ ጥሩ የሚሆን ነገር የለም። ዮኮይ ራሱ በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለውን መጫወቻ ሲያወጣ ርካሽና ባትሪ የማይበላ ስለሆነ ቀዩን መብራት መረጠ። ተጫዋቹ ዓይኑን መሣሪያው ላይ ደቅኖ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው የሚያየው። ዓይናችንን አመመን፣ ራሳችንን ፈለጠን ያሉ ብዙ ነበሩ። ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ጌም ቦይ ላይ የቀረው ቀለም ተጫዋቹን አልጎዳውም፤ እዚህ ላይ የቀረው ግን ጎዳው። የእኛም ልጅቷ መኪና መምጣቱን ከማየቷ በፊት የምታውቀው በጆሮዋ ነው። የሞተሩን ድምፅ ቀንሰን ምን ልናስተምር? ጠጋኛችን ነጥቡን ሰማችና ድምፁ ሳይጠፋ ፋይሉ የሚያንስበትን መንገድ ራሷ ፈልጋ አመጣች።

የዮኮይን መጨረሻ የነገርኳቸው ምሳ ላይ ነው። በ1996 ኔንቴንዶን ለቀቀ፣ የራሱን ድርጅት ከፈተ። በ1997 የተሳፈረበት መኪና አውራ ጎዳና ላይ ተጋጨ። ጉዳቱን ሊያይ ወረደ። ሌላ መኪና መጥቶ ገጨው። 56 ዓመቱ ነበር።

ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። የምንሠራው የመንገድ ደህንነት ጌም ነው። ከምሳ ስንመለስ ፕሮግራመሩ አንድ ደረጃ እንጨምር አለ፤ በእቅዳችን ውስጥ ያልነበረ። መኪና መንገድ ላይ ይበላሻል። ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ። ልጅቷ ሁሉንም ከአስፋልቱ አውጥታ ጠርዙን አሳልፋ ካላቆመቻቸው አታልፍም። ድርጅቱ ሥራውን ሲረከብ ከሁሉም በላይ የወደዱት ይሄንን ነው። ለምን እንደገባ አልነገርናቸውም።

ጋሼ ስልካቸው ላይ አንድም ፎቶ ሳያጠፉ ተጫነላቸው። ልጅቷ ዜብራውን ተሻገረች። ጋሼም ሁለት ጊዜ ተገጭተው በሦስተኛው አለፉ፤ "ቀኙን ሳላይ ነው" አሉ። ማታ ለልጃቸው ሊያሳዩ ይዘው ሄዱ።

አለቃችን አሁን ታብሌት ሳይሆን መርካቶ ልከው ያገለገሉ ርካሽ ስልኮች አስገዝተዋል። የገዛችው ጠጋኛችን ናት፤ ከሻጮቹ ጋር ተከራክራ። ስልኮቹ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ ጠባዩን ጽፋበታለች። "ባትሪው የደከመ።" "ቦታ የሌለው።" "ስክሪኑ ግማሹ የማይሰማ።" አንድ ሥራ አልቋል የሚባለው መሳቢያው ውስጥ ባሉት ሁሉ ላይ ሲከፈት ነው። አዲስ ሥራ ሲመጣም ስብሰባው ላይ ትጠራለች። ሰሞኑን ፕሮግራመራችን ሰፈሩ ካለ ሞባይል ጠጋኝ ቤት አንድ የባሰበት ስልክ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ መጣና፣ "ይሄንንም ጨምሪው" ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።