ያለ ብሮውዘር ኮድ ማበርከት፦ ተርሚናልና ኢሜይል ለዓይነ ስውር ፕሮግራመር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኜ በስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ስሠራ፣ ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበትንና አብረው የሚሠሩበትን የጊትሃብን ገጽ የምከፍተው አካውንት ለማስተካከል ብቻ ነው። የገጹ አቀማመጥ በተቀየረ ቁጥር የሚጫኑትን በተን እንደ አዲስ ማሰስ ይመጣል፤ ዳታም ይበላል። በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) እና በኢሜይል የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋም ኮሚቱ (የኮድ ለውጥ በሚከታተለው ፕሮግራም በጊት የተመዘገበው ለውጥ) ላፕቶፑ ላይ፣ የጻፍኩት መልስም አውትቦክስ ውስጥ ይቆያል፤ መስመር ሲመለስ ይሄዳል።

ሥራው የሚጀምረው በፓስወርድ ፋንታ ማንነትን ከሚያረጋግጠው የኤስኤስኤች ቁልፍ ፋይል ነው። ጊትሃብ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ፑሽ ሲደረግ (ኮሚት ወደ እሱ ሲላክ) የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም። በ«ኤስኤስኤች ኪይጄን» የኢዲ25519 ቁልፍ አውጡና የሕዝብ ቁልፉን ብቻ አካውንታችሁ ላይ ጨምሩ። አንዳንድ ዋይፋይ ኤስኤስኤች የሚያልፍበትን ፖርት 22ን ይዘጋል፤ ያኔ በኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ላይ አድራሻውን «ኤስኤስኤች.ጊትሃብ.ኮም»፣ ፖርቱን 443 ማድረግ ነው።

ቀጥሎ የጊትን ኤዲተር ኖትፓድ፣ ፔጀሩን (ረጅም ውጤት ገጽ በገጽ የሚያሳየውን) «ካት» አድርጉ። ይህ ካልተደረገ «ጊት ኮሚት» ቪም የተባለውን ኤዲተር ከፍቶ መውጫ ያሳጣል፤ የኮሚቶችን ዝርዝር የሚያሳየው «ጊት ሎግ» ደግሞ ስክሪኑን ደጋግሞ ስለሚስለው ስክሪን ሪደሩ መስመር ይዘላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ዲፍ (ኮዱ ላይ ምን እንደተለወጠ የሚያሳየውን ጽሑፍ) ማንበብ ነው። የተጨመረ መስመር በመደመሪያ፣ የተሰረዘ በሰረዝ ይጀምራል። ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር እንደተጫነ የሥርዓተ ነጥብ ደረጃው «አንዳንድ» ላይ ነው፤ መደመሪያው ይነበባል፣ ሰረዙ ግን ይዘለላል። ስለዚህ የተሰረዘው መስመር በቦታው እንዳለ ኮድ ሆኖ ይሰማል፤ ሰሚው ኮዱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ይመስለዋል። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከ«ፒ» ጋር እየተጫናችሁ ደረጃውን «ሁሉም» ላይ አድርሱት። ለተርሚናልና ለኖትፓድ ለየብቻ ፕሮፋይል ብትሠሩላቸው ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር በራሱ ይቀየራል። ረጅም ዲፍ ከሆነ እኔ ወደ ፋይል አስገብቼ በኖትፓድ ነው የማነበው፤ በቀስት ቁልፍ መስመር በመስመር መውረድ፣ መፈለግ፣ መመለስም ይቻላል።

የጊትሃብ የራሱ የትእዛዝ መሣሪያ «ጂኤች» ነው። በቀስት የሚመረጡ ጥያቄዎቹ በድምፅ አስቸጋሪ ስለሆኑ በ«ጂኤች ኮንፊግ» ፕሮምፕትን ዝጉ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ብራንቹን (ለውጣችሁ ያለበትን የኮዱን ቅርንጫፍ) ፑሽ አድርጉ፣ ርእሱን ከትእዛዙ ጋር፣ ዝርዝሩን በፋይል እየሰጣችሁ ፑል ሪኩዌስቱን («ለውጤ ይካተት» የሚለውን ጥያቄ) ክፈቱ። የኢሹ (የተመዘገበ ችግር ወይም ሐሳብ) ዝርዝር ሲወጣ ረጅም ርእስ በስክሪኑ ስፋት ልክ ይቆረጣል፤ ውጤቱን ወደ ፋይል ብትልኩት ሙሉውን ታገኛላችሁ።

ጊትሃብን በሚመስለው ጊትላብ ላይ ተጨማሪ መሣሪያ እንኳን አያስፈልግም፤ ከ«ጊት ፑሽ» ጋር «መርጅ ሪኩዌስት ክሬት» የሚለውን ኦፕሽን (እዚያ ፑል ሪኩዌስት የሚጠራው መርጅ ሪኩዌስት ተብሎ ነው) ማከል ይበቃል። ሌላው ተመሳሳይ ድረ ገጽ ኮድበርግም «ሬፍስ ፎር ሜይን» ወደሚለው ፑሽ ሲደረግ ፎርክ (የፕሮጀክቱ የራስ ቅጂ) ሳያስፈልግ ፑል ሪኩዌስት ይከፍታል።

ውይይቱን ለኢሜይል እተዋለሁ። የጊትሃብ ማሳወቂያ ሲደርስ «መልስ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ አስተያየት ሆኖ ይወጣል። በሲሲው (በግልባጭ መስመሩ) ላይ ማሳወቂያው ለምን እንደመጣ የሚናገር አድራሻ አለ፤ ስማችሁ ሲጠራ «ሜንሽን»፣ ግምገማ ስትጠየቁ «ሪቪው ሪኩዌስትድ»። በዚህ ፊልተር ሥሩና የሚመለከታችሁን ብቻ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። ከኢሜይላችሁ ግርጌ ስልክ ቁጥር ያለበት ፊርማ ካለ አጥፉት፤ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ማሳወቂያውንም ለሌላ ሰው አታስተላልፉ፤ የመልስ አድራሻው የተሠራው ለእናንተ ብቻ ነው።

የሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ዋና ክፍል) እና ሶርስሃት በተባለው የኮድ ድረ ገጽ ላይ ያሉ ብዙ ፕሮጀክቶች ፓቹንም (ለውጡን የያዘውን ጽሑፍ) በኢሜይል ይቀበላሉ። ለዓይነ ስውር ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ፓች በሚልከው ትእዛዝ፣ በ«ጊት ሴንድ-ኢሜይል»፣ በጂሜይል ሲላክ ፖርቱ 587 ነው፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከተከፈተ በኋላ የሚወጣ አፕ ፓስወርድ ይፈልጋል። ፓቹን ኮፒ አድርጎ ኢሜይል ላይ መለጠፍ አይሆንም፤ ታቡ ወደ ስፔስ ይቀየራል፣ ረጅሙ መስመር ይሰበራል፣ ተቀባዩ ጋ ፓቹን ኮዱ ውስጥ የሚያስገባው «ጊት ኤኤም» አልቀበልም ይላል። ሶርስሃት ደግሞ ኤችቲኤምኤል ያለበትን ኢሜይል ጭራሽ አያስገባም። መጀመሪያ ለራሳችሁ ልካችሁ በሌላ ፎልደር ባለ የኮዱ ቅጂ ላይ በ«ጊት ኤኤም» አስገቡት፤ ከገባ ለፕሮጀክቱ ባለቤቶች ላኩ። እርማት ከጠየቁ ኮሚቱን አስተካክላችሁ ርእሱ ላይ «ቪ2» የሚል ምልክት አድርጉና ሙሉውን ፓች እንደገና ላኩ።