ማልዲ-ቶፍ እስከ ምን ድረስ ይታመናል

ባለፈው ሰሞን ከሰገራ ናሙና የበቀለ ካልቸር ይዤ ባክቴሪያን በፕሮቲኖቹ ክብደት በሚለየው ማልዲ-ቶፍ በተባለው የማስ ስፔክትሮሜትሪ ማሽን ፊት ተቀምጬ ነበር። በማክኮንኪ አጋር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ያደጉት ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ሮዝ ሳይሆኑ ቀለም አልባ ነበሩ፤ ላክቶዝን (የወተት ስኳርን) አያብላሉም ማለት ነው። ማሽኑ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ኢሼሪሺያ ኮላይ (ኢ. ኮላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ላክቶዝን የሚያብላላና የሚንቀሳቀስ ባክቴሪያ) ብሎ 2.3 ነጥብ ሰጠው። በምንሠራበት ማሽን 2.0 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነጥብ ዝርያን ለመለየት በቂ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ነጥቡን ብቻ ያየ ሰው ውጤቱን ፈርሞ በላከው ነበር።

እኛ አልላክነውም። በለስላሳ አጋር ውስጥ በመርፌ ወግተን አሳደርነው፤ በማግስቱ እድገቱ በተወጋው መስመር ላይ ብቻ ተወስኖ አገኘነው፣ ባክቴሪያው አይንቀሳቀስም። በስላይድ ላይ ሺጌላ ፍሌክስነሪ ከተባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ አንቲሴረም (ባክቴሪያውን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል) ጋር ስናዋሕደው ወዲያው ተጓጎለ። የባዮኬሚካል ምርመራውም ሺጌላ መሆኑን አረጋገጠልን።

ማሽኑ የተሳሳተበት ምክንያት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ከኮሎኒው በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ተወስዶ በብረት ሳህን ላይ በስሱ ይቀባል፤ ሲወፍር ስፔክትረሙ (ማሽኑ የሚያወጣው የፕሮቲኖች ምስል) ስለሚበላሽ እጅን የሚፈትነው ይህ ነው። እንደ እርሾ ያሉ ግድግዳቸው ጠንካራ የሆኑት አስቀድመው 70 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ይጨመርባቸዋል። ከዚያ 1 ማይክሮ ሊትር ማትሪክስ (የሌዘሩን ጉልበት የሚቀበል ኬሚካል) ጠብ ተደርጎበት ይደርቃል። ሌዘሩ ሲመታው ማትሪክሱ ጉልበቱን ተቀብሎ ፕሮቲኖቹን ሳይሰባብር ያስነሣል፤ በኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው ሲበሩ ቀላሎቹ ቀድመው፣ ከባዶቹ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ የበረራው ጊዜም ክብደታቸውን ይናገራል። (ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተጋሩት ትልልቅ ሞለኪውሎችን በሌዘር ሳይጎዱ በማስነሣት ሥራቸው ነው።) ከ2,000 እስከ 20,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ባለው ክልል የሚታዩት አብዛኞቹ የራይቦዞም ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ማሽኑ ያንን ምስል ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ሺጌላ ደግሞ በዘር ውርሱ የኢ. ኮላይ ቤተሰብ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ፣ የሁለቱ ፕሮቲኖች እጅግ ይቀራረባሉ። ኒሞኒያ የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስና በአፍ ውስጥ የሚኖረው ስትሬፕቶኮከስ ማይቲስም እንዲሁ ያደናግራሉ።

ዝርያን በመለየት እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ስትሬይን (በዝርያው ውስጥ ያለ ንዑስ ዓይነት) ከስትሬይን መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። አንዳንድ ተስፋ ሰጪ ምልክቶች አሉ። ለምሳሌ በስፔክትረሙ ላይ በ2,415 ዳልተን አካባቢ የሚታየው ጫፍ ሜቲሲሊንን የሚቋቋሙ የተወሰኑ የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ስትሬይኖችን ያሳያል፤ ጫፉ አለመታየቱ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን አይቋቋምም ማለት ስላልሆነ፣ የመድኃኒት ስሜታዊነት ምርመራን ፈጽሞ ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ አንዲት ሐኪም ከአንድ ክፍል ሦስት ታካሚዎች የተገኘው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የተባለ ባክቴሪያ «አንድ ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሦስቱም ከ2.2 በላይ ነጥብ ቢያገኙም የመለስኩላት ዝርያው አንድ መሆኑን ብቻ ነው። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉን የሚያሳየው የሙሉ ጂኖም ንባብ በመሆኑ፣ የሦስቱንም ባክቴሪያ በ-80 ዲግሪ ሴልሺየስ አስቀመጥን፤ የጂኖሙ ውጤት እስኪደርስ ድረስ ግን ታካሚዎቹን ለይቶ የማቆየቱ ሥራ በዚያው ዕለት ተጀመረ።