በክዳኑ ላይ የተደረደረው ልብስ

ውድ የሆነውን የቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፊያ ገንዳ ለመግዛት ከመወሰኔ በፊት፣ ባለፈው ዓመት የገዛውን ጓደኛዬን ላማክር ዛሬ ቤቱ ሄጄ ነበር። ማቀዝቀዣውና ፓምፑ እያጉረመረሙ ውሃውን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠብቁታል፤ ክዳኑ ላይ ግን በሥርዓት የታጠፈ ልብስ ተደርድሯል። «ለመጨረሻ ጊዜ የገባህበት መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ልብሱን አየት አድርጎ ሳቀ።

ገንዘቡ የሚከፈለው ለቅዝቃዜው ሳይሆን በረዶ ከመሸከም ለመገላገል መሆኑን ያስተዋልሁት ያኔ ነው፤ ቅዝቃዜውንማ በረዶ ከተጨመረበት ተራ የመታጠቢያ ገንዳም ይሰጣል። ከክብደት ልምምድ በኋላ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ የጡንቻን እድገት ሊቀንስ እንደሚችል በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ማሳየቱም፣ ክብደት ለማነሣው ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለአንድ ወር በራሴ መታጠቢያ በረዶ እየጨመርሁ ልሞክረው ወስኛለሁ፤ ለጊዜው የገዛሁት ቴርሞሜትር ብቻ ነው።